ኦርጂናል ወይስ «ኦርጂናል ኦርጂናሉ»? የካሜራ ባትሪ ነገር

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ለካሜራዬ መጠባበቂያ ባትሪ ጠየቅኩ። ባለሱቁ መልሶ ጠየቀኝ። «ኦርጂናሉን ነው ወይስ ኦርጂናል ኦርጂናሉን?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ልጁ ግን አልሳቀም። ከመደርደሪያው ሁለት ባትሪ አውርዶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለቱም ላይ «ካኖን» ተጽፏል። መልካቸው አንድ ነው። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው ሲሶ ነው። ልዩነታቸውን ብጠይቀው «አብሽር ወንድሜ፣ ሁለቱም ይሠራሉ» አለኝ።

አልዋሸም። ሁለቱም ይሠራሉ። እኔም ርካሹን ገዝቼ ወጣሁ።

ጥር ላይ ኮምቦልቻ የምቀርጸው ሰርግ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ዋናው ባትሪዬ አለቀና አዲሱን አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ሙሉ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ተነሱ። ቪዲዮ መቅዳት ጀመርኩ። ምልክቱ አሁንም ከግማሽ በላይ ነው። የሙሽራዋ አያት እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ፣ ቤቱም «አሚን» ሲል ካሜራው ድርግም አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ለአንድ ሰከንድ በርቶ መልሶ ጠፋ። «አባባ፣ ምርቃቱን አንዴ ይድገሙልኝ» አይባል ነገር! የቀረውን በስልክ ቀረጽኩ። ቤተሰቡ ቪዲዮውን ባየ ቁጥር «እዚህ ጋ ምስሉ ለምን ተለወጠ?» ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ባትሪ ማየት አመል ሆነብኝ። ሰው ሌንስ ያወራል፣ እኔ ባትሪ እያገላበጥኩ አያለሁ።

አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። የባለሱቁ ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ያስመስላል። ያሉት ግን ሦስት ናቸው። አንዱ ካሜራውን የሠራው ድርጅት በስሙ የሚያወጣው ነው። ሌላው ደግሞ ሌላ ድርጅት ለዚያ ካሜራ እንዲሆን አድርጎ በራሱ ስም የሚሠራው ነው። ኒውር፣ ስሞልሪግ፣ ኪንግማ፣ ፓቶና የሚባሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ «ካኖን ነኝ» አይሉም። «ለካኖን እሆናለሁ» ነው የሚሉት። ሦስተኛው ፎርጅድ ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ላዩ ላይ ግን የካኖን፣ የኒኮን ወይም የሶኒ ስም ተለጥፎበታል።

ገበያችን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ «ኮፒ» ይላቸዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፎርጅድ ገዝቶ የተቃጠለ ሰው «ኮፒ ባትሪ አይረባም» ብሎ ያወራል። እኔም ብያለሁ። የራሱን ስም ይዞ የወጣው ባትሪ ግን ምን በደለኝ? ገዝቼው እንኳ አላውቅም ነበር።

ይህ ነገር ድሮም ነበር። አሁን ያከበደው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት ባንክ ቤት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። አሁን 100 ብርን ካለፈ ቆይቷል። የካኖን ወይም የሶኒ ትልቅ ካሜራ ኦርጂናል ባትሪ ውጭ አገር 80 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በ57 ሲባዛ 4,560 ብር ነው። በ100 ብቻ ብናባዛው እንኳ 8,000 ብር ይመጣል። ያውም ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። ስም ያለው የሌላ ድርጅት ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዶላር ያወጣል። በአንድ ኦርጂናል ገንዘብ ሦስት ይገዛል ማለት ነው። የሰርግ ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር አብሮ አልወጣም። ደንበኛው «እንዴ፣ የእህቷን ሰርግ በስንት ነበር የሠራህልን?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ሌላው ጣጣ ቦታው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የካሜራ ድርጅቶቹ የራሳቸው መደብር የላቸውም። ዕቃው በአዲስ አበባ በኩል ይመጣል፣ ወይም ዱባይ ደርሶ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ። ብዙ እጅ ያልፋል። በየእጁ ላይ አንድ «ኦርጂናል» የሚል ቃል የሚጨመርበት ይመስለኛል። ደሴ ሲደርስ ሁለት የሆነው ለዚያ ይሆናል።

አሁን ወደ ባትሪው ውስጥ እንግባ። «ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው፤ የምትከፍለው ለስሙ ነው» የሚል ክርክር አለ። ፎቶ ቤት ቁጭ ብሎ ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ግማሹ እውነት ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991። (የካሜራዎቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያው ሶኒ በ2017 የባትሪ ሥራውን ሙራታ ለሚባል ሌላ የጃፓን ድርጅት ሸጠው። ስለዚህ ባትሪው ላይ ያለው ስም ውስጡን የሠራው ሰው ስም ላይሆን ይችላል። ግን ኦርጂናል ማለት «እኛ ነን የሠራነው» ብቻ ማለት አይደለም። «ከተበላሸ እኛን ጠይቁ» ማለትም ነው።

አብዛኛው የትልልቅ ካሜራ ባትሪ ቢከፈት ሁለት ሴል፣ ማለትም ኃይሉን የሚይዘው ክፍል፣ ይገኝበታል። እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ገደማ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ተቀጥሎ 7.2 ይሆናል። ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ወደ 8.4 ይደርሳል። ከሴሎቹ ጋር አንዲት ትንሽ ሰርኪት አለች። ከመጠን በላይ ሲሞላ ትቆርጣለች። ከመጠን በላይ ሲያልቅም ትቆርጣለች። ሾርት ሲሆን እንደዚሁ። ሙቀት የሚለካ ነገርም አለ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ቺፕ ይጨመራል።

ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ገንዘብ የሚያተርፈው ከእነዚህ ላይ ነው። ደካማ ወይም ያገለገለ ሴል ያስገባል። ሁለቱን ሴሎች እኩል መሆናቸውን ሳይለካ ያጣምራቸዋል። የሙቀት መለኪያዋን ይተዋል። ከውጭ አይታይም። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ጽሑፉም ያው ነው።

የኮምቦልቻው ቀን የሆነው ነገርም የገባኝ ይሄኔ ነው። ደካማ ሴል ሥራ ሳይበዛበት ጥሩ ቮልቴጅ ያሳያል። ካሜራው ያንን አይቶ «ሙሉ ነው» ይላል። ቪዲዮ ሲጀመር ግን ካሜራው ብዙ ከረንት ይስባል። ሴሉ ያንን መስጠት አይችልም፣ ቮልቴጁ በአንዴ ይወርዳል፣ ካሜራው ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ቮልቴጁ መልሶ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ስታበሩት ለአንድ ሰከንድ የሚሠራው። የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ አይታችኋል? ሜዳው ላይ ምንም አይልም። ዳገቱ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው። ፎቶ ሜዳ ነው፣ ቪዲዮ ዳገት ነው። ብዙ ሰው «እኔ ኮፒ እጠቀማለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም» የሚለው ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚያታልለን ቁጥሩ ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግረው የሚሊ አምፒር ሰዓት ቁጥር፣ ነጋዴው «ሚሊ አምፒር» ብቻ የሚለው። የካኖንን ኤልፒ-ኢ6 ቤተሰብ እንይ። ኮምቦልቻና ደሴ ሰርግ ላይ በብዛት የማየው እሱን ነው። በ2008 ከፋይቭዲ ማርክ ቱ ካሜራ ጋር ሲወጣ 1,800 ነበር። በ2014 ኤልፒ-ኢ6ኤን መጣ፣ 1,865። በ2020 ኤልፒ-ኢ6ኤንኤች መጣ፣ 2,130። ልብ በሉ፤ ቅርጹ አልተለወጠም። ካኖንን የሚያክል ድርጅት በዚያችው ሳጥን ውስጥ 330 ለመጨመር 12 ዓመት ፈጅቶበታል። ታዲያ ሲሶ ዋጋ ያለው ባትሪ ላይ «3000» ተጽፎ ስታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ ቁጥሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር እየፈራሁ ነው የምሄደው። በነገራችን ላይ ይህ ለፓወር ባንክም ይሠራል። እሱ ግን ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ክብደቱ አይዋሽም። የኤልፒ-ኢ6 ኦርጂናል 80 ግራም ገደማ ነው። ሴል ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ባትሪው ቀለል ካለ ውስጡ ያለው ሴል ትንሽ ነው፣ የቀረው አየር ነው። ያን ፎርጅድ ይዤ አንድ የማውቀው ወርቅ ቤት ሄድኩ። ባለወርቁ መጀመሪያ ቀለበት ልሸጥ የመጣሁ መስሎት ነበር። ባትሪ አውጥቼ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ ፊቱን ብታዩት! ከኦርጂናሉ 20 ግራም ያህል አነሰ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም።

እስካሁን ያልኩት ፎርጅዱን ነው። ስሙን ይዞ የሚወጣው የሌላ ድርጅት ባትሪስ? እሱም የራሱ እንከን አለው፣ ግን የተለየ ዓይነት ነው። ዋናው ከካሜራው ጋር አለመግባባት ነው። አዳዲስ ካሜራዎች ባትሪውን ያናግሩታል። «ማነህ? ስንት ቀረህ?» ይሉታል። የሌላ ድርጅት ባትሪ ያንን ቋንቋ የሚናገረው በመስማት ተምሮ ነው። ካሜራው ቋንቋውን ትንሽ ሲቀይር ይደናገራል። በ2013 አካባቢ ኒኮን ለአንዳንድ ትንንሽ ካሜራዎቹ አዲስ ሶፍትዌር አውጥቶ ነበር። ያንን የጫኑ ብዙ ሰዎች እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ የሌላ ድርጅት ባትሪያቸው ዛሬ አልሠራም አላቸው። የካኖን አዳዲስ ካሜራዎች ደግሞ ባትሪው ሲያጠራጥራቸው ስክሪኑ ላይ ይጠይቃሉ፤ ይህ ባትሪ የካኖን አርማ አለው ወይ ብለው። ፎርጅድ ገዝቶ እዚህ ጥያቄ ፊት የቆመ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? አርማውማ አለው!

ስለዚህ የሌላ ድርጅት ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ካሜራችሁ እየሠራ ሳለ ሶፍትዌሩን ለማደስ አትጣደፉ። በተለይ የሰርግ ዋዜማ። አዲስ ካሜራ ላላቸው ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ይላል። በ2024 የወጣው የካኖን አርፋይቭ ማርክ ቱ ኤልፒ-ኢ6ፒ የሚባል አዲስ ባትሪ ይዞ ነው የመጣው። የራሱን የካኖንን የቀድሞ ባትሪ ብታስገቡበት እንኳ አንዳንድ ሥራዎቹን ይዘጋባችኋል። ለእንዲህ ያለ ካሜራ ባለቤት «ኮፒ ግዛ» ብዬ አልመክርም። ያን ካሜራ የገዛ ሰው ባትሪ ላይ ቢቆጥብ ፈረስ ገዝቶ ልጓም እንደማጣት ነው።

ዋስትናም አለ፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። የካሜራ ድርጅቶች የሌላ ባትሪ ካሜራውን ቢያበላሽ ተጠያቂ እንደማይሆኑ መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። እውነት ለመናገር፣ ደሴ ላይ ካሜራ በዋስትና አስጠግኖ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኦርጂናሉስ ፍጹም ነው? አይደለም። ኒኮን በ2012 ኢኤን-ኢኤል15 ከሚባለው የራሱ ባትሪ የተወሰኑ ምርቶችን ከገበያ መልሶ ሰብስቧል። ሾርት ሆኖ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል ብሎ ነበር። ኦርጂናልም ይሳሳታል። ግን ሲሳሳት «መልሱልኝ» የሚል ባለቤት አለው፣ ባትሪው ላይም የትኛው ምርት እንደሆነ የሚለይ ቁጥር አለው። ፎርጅድን ማን ይጠራዋል? በዚህ በኩል ስም ያላቸው የሌላ ድርጅት ባትሪዎች መሀል ላይ ናቸው። ስማቸውን ስለለጠፉ፣ ባትሪው ሲበላሽ ስማቸው ይጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልናገር። ለአሮጌ ካሜራ ኦርጂናል ባትሪ መፈለግ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ሊቲየም ባትሪ ባይነካም ያረጃል። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያረጃል። እዚህ ብዙ ፎቶ ቤት ውስጥ አሁንም የካኖን 600ዲ አለ። በ2011 የወጣ ካሜራ ነው። ለእሱ «እውነተኛ ኦርጂናል» ብላችሁ ስታገኙ፣ መቼ ተሠርቶ ስንት ዓመት ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር ማን ያውቃል? ያገለገለ ካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው ኦርጂናል ባትሪም እንደዚያው ነው። ስሙ ኦርጂናል ነው፣ ጉልበቱ ግን አልቋል። አዲስ የተሠራ የሌላ ድርጅት ባትሪ ያሸንፈዋል።

ይህን ለማየት ዘዴ አለ። ከካኖን መካከለኛና ትልልቅ ካሜራዎች ብዙዎቹ የባትሪ መረጃ የሚል ገጽ አላቸው። ባትሪው ቻርጅ የመያዝ አቅሙን በሦስት ትንንሽ ሳጥን ያሳያል። ሦስት አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። አንድ ቀይ ከሆነ መሰናበቻው ደርሷል። ኒኮን ደግሞ የባትሪውን ዕድሜ ከ0 እስከ 4 በቁጥር ይነግራችኋል። 0 አዲስ ነው፣ 4 ሽማግሌ። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ የሻተሩን ቁጥር (ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ብቻ አትጠይቁ፣ ይህንንም ክፈቱና እዩ። የሌላ ድርጅት ባትሪ ላይ ግን ይህን ገጽ ብዙም አትመኑት። መረጃውን ካሜራው የሚያገኘው ከባትሪው ነው፣ ባትሪው ደግሞ የፈለገውን ሊል ይችላል።

የእኛን አካባቢ ጠባይ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይጨምራል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ግን ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጠዋት ጦሳ ሥር ጋቢ ለብሳችሁ ወጥታችሁ እኩለ ቀን ላይ ኮምቦልቻ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ባትሪም እንደዚያው ነው። ብርድ አቅሙን ለጊዜው ይቀንሰዋል። ለምሳሌ የካኖን ፋይቭዲ ማርክ ስሪ በ23 ዲግሪ ሙቀት 950 ፎቶ፣ በ0 ዲግሪ ደግሞ 850 ያነሳል ይላል ካኖን ራሱ። ደሴ 0 ዲግሪ ላይ ሆናችሁ ሰርግ አትቀርጹም። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ግን ደካማ ባትሪን ያጋልጠዋል። እኔ መጠባበቂያውን የውስጥ ኪሴ ውስጥ ነው የምይዘው። ሙቀቱ ደግሞ የባሰ ነው። ብርድ የወሰደውን አቅም ባትሪው ሲሞቅ ይመልሰዋል። ሙቀት የበላውን ግን አይመልስም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ የባትሪ ቦርሳ በየቀኑ እያረጀ ነው።

ሰሞኑ ራሱም ያጣድፋል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቅርብ ዓመታት ተቀራርበው ስለሚገቡ ወሎ ላይ ሰርጉም ኒካሁም ጥር ላይ ይታጨቃል። ጠዋት ኒካህ፣ ከሰዓት ሰርግ፣ በማግሥቱ መልስ። ቻርጅ ማድረጊያ ጊዜው ሌሊቱ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት ካልሄደ። መስከረም 21 ግሸን የወጣ ሰው ደግሞ ሶኬት ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሆነ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዛት ራሱ ጥራት ነው። አንድ ምርጥ ባትሪ ካላችሁና ካለቀ፣ አለቀ። ሦስት መካከለኛ ካላችሁ ሥራው ያልቃል።

ካሜራውም ይለያያል። ሶኒ ኤሰቨን በ2013 ሲወጣ በአንድ ባትሪ የሚያነሳው 340 ፎቶ ገደማ ነበር። ባትሪው 1,020 ብቻ ነው። በ2018 የወጣው ኤሰቨን ስሪ 2,280 ባትሪ ይዞ 710 ያነሳል። የድሮውን ሶኒ የያዘ ሰው አራት ባትሪ ያስፈልገዋል። አራቱንም ኦርጂናል ግዛ ማለት ቀልድ ነው። የአዲሱ ባለቤት ግን አንድ ኦርጂናልና አንድ መጠባበቂያ ይበቃዋል።

ቻርጀሩን የሚያስታውስ ሰው የለም እንጂ፣ ለእኔ ከባትሪው እኩል የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባትሪ ችግር የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ሲሞላ ነው። ማቆሚያ የማያውቅ ርካሽ ቻርጀር ከደካማ ሰርኪት ጋር ሲገናኝ ባትሪው ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ከገባ አይወጣም። በመርፌ፣ በቢላ የሚታገሉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አትሞክሩ። ሊቲየም ሲወጋ ይቀጣጠላል። ያበጠውን ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ ከሚቀጣጠል ነገርና ከልጆች አርቁት። የከሰል ምድጃ አጠገብ የባትሪ ቦርሳ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ ቡና ሊፈላ ነው ብሎ!

እናም ጥሩ ቻርጀር ይኑራችሁ። ከካሜራው ጋር የመጣው ካለ እሱን ተጠቀሙ። በዩኤስቢ የሚሠሩት ባለሁለት ቀዳዳ ቻርጀሮች መብራት ሲሄድ ከፓወር ባንክ ስለሚሞሉ ለእኛ አገር የተሠሩ ይመስላሉ። ቀርፋፋ ናቸው፣ ግን ይሠራሉ። ጄኔሬተር ላይ ወይም መብራቱ በሚዋዥቅበት ቤት ስትሰኩ የምታበላሹት ቻርጀሩን ነው። ስለዚህ መከላከያ አድርጉበት። ሌሊት ተኝታችሁ ፎርጅድ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ።

እኔ አሁን የማደርገው ይኼን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ እውነተኛ ኦርጂናል አለ። ምርቃት፣ ቀለበት፣ ኒካህ ሲሆን ካሜራው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ሁለት የሌላ ድርጅት ባትሪዎች አሉ፣ የራሳቸው ስም ያላቸው። ጭፈራውን፣ ምግቡን፣ የመኪናውን ሰልፍ እነሱ ይሠራሉ። ባትሪዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥርና የገዛሁበትን ቀን ጽፌባቸዋለሁ። የትኛው እንደደከመ በቃሌ መያዝ አልችልም።

አዲስ የገዛሁትን ሰርግ ላይ አልሞክርም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ እስኪጠፋ ቪዲዮ አስቀዳለሁ። ብዙዎቹ የድሮ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቪዲዮውን ስለሚያቆሙ መልሼ እጀምረዋለሁ። ሰዓቱን እጽፋለሁ። ኦርጂናሉንም እንዲሁ አደርጋለሁ። የሌላው ድርጅት ባትሪ ከኦርጂናሉ አራት አምስተኛ ያህል ከቆየ ጥሩ ግዢ ነው እላለሁ። ሲሶ ዋጋ ከፍዬ ሙሉውን ልጠብቅ? በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው የማየው ግን ሌላ ነው። እንዴት ነው የሚጠፋው? ምልክቱ ቀስ እያለ ወርዶ፣ ቀይ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ከእሱ ጋር መኖር ይቻላል። ከግማሽ በላይ እያሳየ በድንገት ከጠፋ ለሰው በነጻ ለመስጠትም ይከብዳል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚቀዳ ካሜራ ስታይ «ደህና ነህ?» ትለኝ ነበር። አሁን ሰዓቱን እሷ ትይዛለች።

ከጥር በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ባትሪዎቹን ሙሉ ሞልቼ አላስቀምጥም፣ ባዶም አድርጌ አልተውም። ግማሽ ገደማ ሞልተው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጣሉ። ደሴ በዚህ በኩል ተባርካለች። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ደግሞ መጠባበቂያ ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ እንዳልሆነ አስታውሱ። የአውሮፕላኑ ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው። የካኖን ኤልፒ-ኢ6ኤንኤች 15 ገደማ ስለሆነ መጠኑ አያሳስብም። ጫፎቹ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ ክዳኑን ግጠሙበት፣ ክዳን ከሌለው ለየብቻ በላስቲክ ጠቅልሉት።

ለልጅ ልደትና ለቤተሰብ ፎቶ ብቻ ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም ነበር። አንድ ስም ያለው የሌላ ድርጅት ባትሪ ይበቃዋል። ካሜራው ቢጠፋ ኬኩ ይጠብቃል።

ፎርጅዱን ግን ለማንም አልመክርም፤ ለልደትም ቢሆን። የተሸጠልኝን አልመለስኩም፣ ባለሱቁን ልጅም አልተጣላሁትም። እሱም ከአዲስ አበባ «ኦርጂናል» ተብሎ ነው የገዛው። ይልቅ አንድ ቀን ስለ ክብደቱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ያመነኝ አልመሰለኝም ነበር።

ባለፈው አንድ ካርቶን ባትሪ መጣለትና መደርደሪያው ላይ ከመደርደሩ በፊት ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ ያን ሚዛንህን አምጣልኝ» አለኝ። ሚዛኑ የእኔ አይደለም፣ የወርቅ ቤቱ ነው። ካርቶኑን ተሸክመን ተያይዘን ሄድን። ባለወርቁ ሁለታችንን ሲያይ ገና ከበሩ ጀምሮ መሳቅ ጀመረ።